ሲላላ፣ ሲጠብቅ

ባሪ ከተማ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ቤት፣
ኔስታን የምትባል የኩታይሲ ሴት
አሮጊት ታጥባለች፣ አሮጊት ታበላለች፣
ማታ ማታ ደግሞ ግሥ ታረባለች።
«ቫዶ» እኔ ስሄድ፣ «ቫይ» አንተ ስትሄድ፣ «ቫ» እሱ ሲሄድ፤
ሁላችን ስንሄድ «አንዲያሞ»፦ ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ዘመድ?

ሐሙስ በአሥራ ሁለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣
ጡረተኛዋ ኦርኔላ ጠመኔ ያዘች፣
«ዛሬ ጆሮ እንጂ ዓይን አልፈልግም» አለች፦
«ፓላ ላላ ካለ አካፋ ነው፣ አፈር ይዛቅበታል፤
ጠበቅ ካለ ኳስ ነው፣ ልጅ ይስቅበታል።
ካሳ ላልቶ ቤት ነው፣ ገብተው ያድሩበታል፤
ጠብቆ ሣጥን ነው…»
አለችና የቀረውን ተወችው።

እኔ ስጽፋቸው ሁለቱም አንድ ናቸው፤
ፊደላችን ዝም ይላል፤
አንባቢ ሆይ፣ አንተው በአፍህ አጥብቃቸው።

የኔስታን ቋንቋ ወንድ ከሴት አይለይም፤
«እሱ» እና «እሷ» አንድ ቃል ነው፣ ማንም አይቀየምም።
እዚህ ግን ማንኪያው ወንድ፣ ሹካዋ ሴት፣
እጅ ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ በወንድ ልብስ የወጣች ሴት።
ባለ መድኃኒት ቤቱን፣ ጢሙ ደረቱን የነካውን፣
«እሷ» ብላ ታከብራለች፤
አንቱታው ነው ቢሏት፣ አፏን በመሐረብ ይዛ ትስቃለች።

እንደ እኛው ጥ አላት፣ ጭ አላት፣ ጳ አላት፤
ዳቦ ስትገዛ «ጳኔ» ብትል፣ ባለ ሱቁ
አንዳች አንቋት መስሎት ውሃ አቀረበላት።
ይኼን የሰማ ሙስታኪም፣ የሲልሄቱ ዓሣ ጫኝ፣
ከዚያ ወዲያ ሰላምታውን «ጳኔ» አደረገው።

አሮጊቷ፣ ሲኞራ ኢማኮላታ፣ መጽሐፉን አታውቅም፤
ሐሙስ የተሰጠውን አናባቢ ዓርብ በምሳ ትውጠዋለች።
ጥያቄ ሲከብዳት ትከሻዋን ሰብቃ «ቦ» ትላለች፤
ኔስታን ከኪስ መዝገበ ቃላቷ «ቦ»ን ፈልጋ አጣች።
«ማጋሪ» ሲሏት ቆማ አሰበች፤
በአገሯ «ጠንካራ» ነው፣ እዚህ ግን «ምነው በሆነ»፤
ጥንካሬና ምኞት እንዴት በአንድ ድምፅ ተሸፈነ?

እሑድ ስልክ ትይዛለች፦ «ማማ! ማማ!»
አሮጊቷ ከወንበሯ፦ «እናትሽ ደኅና ናት?»
«አባቴ ነው።»
በጆርጂያኛ ማማ አባት ነው፤ እናትማ ዴዳ ናት።
በእኔ ቋንቋ ደግሞ ማማ፣
ማሽላ መሃል ቆሞ፣ ወፍ የሚጠበቅበት፣ ሩቅ የሚታይበት።

የካቲት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ስልኩን ሌላ ሰው አነሣው።

የመኖሪያ ፈቃዷ ገና አልታደሰም፤ ከወጣች አትመለስም።
ሐሙስ ግን ሄደች። ደብተሯን ገለጠች።
የዕለቱ ትምህርት ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ሁለት ዓይነት፦
አንዱ አልቆ የተዘጋ፣
አንዱ አልፎም ሥራውን ያልፈታ።
«ዓረፍተ ነገር ስጪኝ» አለች ኦርኔላ።
«ሚዮ ፓድሬ አጁስታቫ ሌ ራዲዮ።»
አባቴ ራዲዮ ይጠግን ነበር።
«ትክክል። ራዲዮ ሴት መሆኗንም አልረሳሽም፤ ጎበዝ።»
በአረንጓዴ እስክሪብቶ ምልክት አደረገችላት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አሮጊቷ ከጨለማ ተጣራች፦ «ማማ!»
ጠብቆ ነው፤ ሁለት ከንፈር ገጥሞ፣ ቆይቶ የተከፈተ፤
የሰማንያ ስምንት ዓመት ልጅ እናቷን ትፈልጋለች።
ኔስታን ግን፣ በእንቅልፏ፣ ላልቶ ሰማችው።
ዘላ ተነሣች፣ ጫማ ሳታደርግ፣
መብራቱን በእጇ ሳትፈልግ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ፣
«ኤኮሚ» አለች፣ አለሁ፣
«ኮ» ጠብቆ፣ እንደሚገባው።

የሚያርማት አልነበረም።